ሶሲዮሎጂን ለማጥናት ለሚያስቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የቀረበ ማብራሪያ

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሶሲዮሎጂ ራሱን ችሎ የሚሰጥ የትምህርት ዓይነት አይደለም። የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍን የመረጠ ተማሪ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና ኢኮኖሚክስን ይማራል፤ የሶሲዮሎጂን ስም ግን ብዙውን ጊዜ በቅርበት የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የትምህርት ክፍል ምርጫውን ሲሞላ ነው። ከዚህ የተነሣ ወደ ትምህርት ክፍሉ የሚገቡት ተማሪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ መርጦት ይገባል፤ ሌላው ያስቀደማቸው ምርጫዎች ሳይሳኩለት ቀርተው «ሶሲዮሎጂ ደረሰኝ» ብሎ ይገባል። ስለ ትምህርቱ ምንነት ግን «ደረሰኝ» ባዩ ብቻ ሳይሆን «መረጥኩ» ባዩም የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ተማሪዎች የምርጫው ቀን ከመድረሱ በፊት፣ ገና በሁለተኛ ደረጃ ሳሉ፣ ትምህርቱ ምን እንደሚጠይቅ እንዲያውቁና ዝንባሌያቸውን በተግባር እንዲፈትሹ ለማገዝ ነው።

ሶሲዮሎጂ ምን ይጠይቃል?

ሶሲዮሎጂ፣ ሥነ ኅብረተሰብ ተብሎም የሚጠራው፣ ሰዎች በቡድን፣ በተቋምና በልማድ ተሳስረው ሲኖሩ የሚታየውን ሥርዓትና ለውጥ የሚያጠና ዘርፍ ነው። ትርጓሜው ይህን ያህል ሰፊ በመሆኑ ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ አንድ ምሳሌ የተሻለ ያሳያል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት፣ በወቅቱ በነበረው የወሊድ መጠን አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ 4.6 ነበር። ይህ ቁጥር በአዲስ አበባ 1.8፣ በሶማሌ ክልል ደግሞ 7.2 ነበር። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት የአገሪቱ አማካይ 5.5 እንደነበርም ተመዝግቧል።

አንዲት የአዲስ አበባ እናት ለምን በሁለት ልጆች እንደተወሰነች ብትጠየቅ የራሷን ምክንያት ትናገራለች፤ የቤት ኪራይ፣ የሥራ ሰዓት፣ የጤና ሁኔታ፣ የባል ፈቃድ ሊሆን ይችላል። በአርብቶ አደር አካባቢ የምትኖር ሰባት የወለደች እናትም የራሷ ምክንያት አላት። ሁለቱም መልሶች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ሶሲዮሎጂ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው፦ እርስ በርስ የማይተዋወቁና ያልተመካከሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በአንድ አካባቢ ተቀራራቢ፣ በሌላው አካባቢ ደግሞ ፍጹም የተለየ ውሳኔ ላይ የደረሱት ለምንድን ነው? ከሴቶች ትምህርት፣ ከጋብቻ ዕድሜ፣ ልጅ ለቤተሰቡ ከሚሰጠው የሥራ አስተዋፅኦ፣ ከጤና ተቋም ርቀት ውስጥ የትኛው ምን ያህል ድርሻ አለው? እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚስበው ተማሪ ለትምህርቱ ቅርብ ነው። ጥያቄውን ሰምቶ መልሱ ወዲያው የታወቀ የሚመስለው ተማሪ ግን ትምህርቱ ትዕግሥቱን እንደሚፈትነው ከወዲሁ ሊያውቅ ይገባል።

የዘርፉን ስም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስፋት ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኮምት ነው። ይሁን እንጂ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቱኒስ የተወለደው ኢብን ኻልዱን ሰዎችን ስለሚያስተባብረው የወገን ትስስር፣ ስለ መንግሥታት መነሣትና መውደቅ ቀደም ብሎ ጽፏል። ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ጥናት፣ ፍጹም የግል የሚመስለው ራስን የማጥፋት ድርጊት እንኳ ከማኅበራዊ ትስስር መጥበቅና መላላት ጋር እንደሚያያዝ በአኃዝ ለማሳየት ሞክሯል። ካርል ማርክስና ማክስ ዌበር በማንኛውም የመግቢያ ኮርስ የሚገኙ ስሞች ናቸው። ጥቁር አሜሪካዊው ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመውን የፊላዴልፊያ ጥናት የሠራው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ነዋሪዎችን በመጠየቅ ነው፤ ይህ አሠራር ለጀማሪ ተማሪ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አስተማሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለ ኢትዮጵያ ከጻፉት የዘርፉ ሰዎች መካከል «ሰምና ወርቅ» በሚል ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1965 መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በብዙዎች ዘንድ ይታወቃል።

ከሌሎች ተቀራራቢ ዘርፎች በምን ይለያል?

በምርጫ ጊዜ ሶሲዮሎጂ ከሶሻል ዎርክ፣ ከሳይኮሎጂና ከአንትሮፖሎጂ ጋር በተደጋጋሚ ይምታታል። ልዩነቱን ለመረዳት ከገጠር መጥቶ በከተማ ጎዳና ላይ የሚያድርን አንድ ልጅ ማሰብ ይቻላል። የሥነ ልቦና ባለሙያ የልጁን ስሜት፣ ፍርሃትና የአእምሮ ጤንነት ይመለከታል። የሶሻል ዎርክ ባለሙያ ልጁን ከመጠለያ፣ ከሕክምና፣ ከትምህርት ቤትና ከተቻለም ከቤተሰቡ ጋር ለማገናኘት ይሠራል። የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ከልጆቹ ጋር ረዘም ያለ ጊዜ አሳልፎ የራሳቸውን ቋንቋ፣ ደንብና የኑሮ ዘዴ ይመዘግባል። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ደግሞ እነዚህ ልጆች ከየትኞቹ አካባቢዎችና ከምን ዓይነት ቤተሰቦች እንደሚበዙ፣ መቼ እንደሚጨምሩና ለምን ከተወሰኑ ወረዳዎች እንደሚነሡ ይጠይቃል። በተግባር ድንበሩ ይህን ያህል የጠራ አይደለም፤ ባለሙያዎቹ አንዱ የሌላውን ዘዴ ይዋሳሉ። ሆኖም ዋነኛ ፍላጎቱ የተቸገረን ሰው በቀጥታ መርዳት የሆነ ተማሪ፣ ሶሲዮሎጂን ከመምረጡ በፊት የሶሻል ዎርክ ትምህርትን ቢመለከት የተሻለ ነው።

ሒሳብን ለመሸሽ የሚመረጥ ዘርፍ አይደለም

ማኅበራዊ ሳይንስን ሒሳብ ስለከበዳቸው ብቻ የሚመርጡ ተማሪዎች አሉ። ሶሲዮሎጂ ግን ስታቲስቲክስ የሚሰጥበት፣ ናሙና የሚወሰድበት፣ ሠንጠረዥ የሚነበብበትና በኮምፒዩተር መረጃ የሚተነተንበት ትምህርት ነው። ከፍተኛ ሒሳብ አይጠይቅም፤ መቶኛን፣ አማካይን፣ ምጣኔንና ግራፍን ሳይፈሩ መያዝን ግን ይጠይቃል። እነዚህ ደግሞ እስከ 10ኛ ክፍል ባለው ትምህርት የሚገኙ ናቸው። በእነርሱ ላይ ክፍተት ያለበት ተማሪ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ክፍተቱን መሙላት ይኖርበታል። የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ፍሬ ሐሳቡን በራስ ቃል የመጻፍ ልምምድም አብሮ መሄድ አለበት።

ወደ ዘርፉ የሚወስደው መንገድ

ሶሲዮሎጂን የሚፈልግ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራው ስለ ሶሲዮሎጂ ማንበብ ሳይሆን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ማለፍ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት የጀመረ ሲሆን በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ በዚህ መንገድ ላይ የሚገኙ የትምህርት ዓይነቶች ናቸው። የማለፊያውን ነጥብ ላላሟሉ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአቅም ማሻሻያ ወይም ሬሜዲያል የሚባለው ፕሮግራም ተግባራዊ ሆኗል፤ ለመግባት የሚያስፈልገው ነጥብ በየዓመቱ የሚገለጽ ስለሆነ የዘመኑን ማስታወቂያ መመልከት ያስፈልጋል።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍል አይገባም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው አሠራር የመጀመሪያው ዓመት፣ በተለምዶ ፍሬሽማን የሚባለው፣ የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት ነው። ከእነዚህም መካከል ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ አጠቃላይ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ እንዲሁም ሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ ይገኙባቸዋል። ሶሻል አንትሮፖሎጂ ለሶሲዮሎጂ እጅግ ቅርብ በመሆኑ፣ የኮርሱን መማሪያ ሞጁል ቀድመው ከተማሩ ተማሪዎች ተውሶ ጥቂት ምዕራፎችን ማንበብ ለ12ኛ ክፍል ተማሪም የሚቻልና ጥሩ መሞከሪያ ነው። የትምህርት ክፍል ድልድል የሚካሄደው በተማሪው ምርጫ፣ በመጀመሪያው ዓመት ውጤትና በትምህርት ክፍሉ የመቀበል አቅም ላይ ተመሥርቶ ነው። በትምህርቱ መጨረሻ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ሁሉ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና አለ።

በውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ሁኔታ ይለያል። ለምሳሌ በእንግሊዝ ሶሲዮሎጂ ከዩኒቨርሲቲ በፊት በሚሰጠው የኤ ሌቭል ትምህርት ውስጥ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው። በውጭ አገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አጠናቆ በአገር ውስጥ መቀጠል የሚፈልግ ተማሪ የማስረጃውን አቻ ግመታ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማግኘት ይኖርበታል።

ዝንባሌን በሰፈር መፈተሽ፦ የዕድር ምሳሌ

ለፊዚክስ ተማሪ ቤተ ሙከራ ያስፈልገዋል። ለሶሲዮሎጂ የሚያስፈልገው ግን በየሰፈሩ አለ፤ ዕድር፣ ዕቁብ፣ ማኅበር፣ ደቦ፣ ገበያ፣ የታክሲ ወረፋ ሁሉ የጥናት ርዕስ ሊሆኑ ይችላሉ። ከእነዚህ መካከል ዕድር መዝገብ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው በመሆኑ ለጀማሪ ይመቻል።

አንድ ተማሪ «ወጣቶች ማኅበራዊ ኑሮን ስለናቁ ዕድር አይገቡም» የሚለውን፣ በሽማግሌዎች ዘንድ የተለመደ ወቀሳ፣ ለመመርመር ተነሣ እንበል። የመጀመሪያው ችግር ከጥያቄው ውስጥ ነው። «ወጣቶች ዕድርን ለምን ይንቃሉ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ መስጠት ነው። ጥያቄው «በዚህ ሰፈር ከሚኖሩ ቤተሰቦች ስንቶቹ የዕድር አባል ናቸው? አባል ያልሆኑትስ ምን ምክንያት ይሰጣሉ?» ተብሎ ቢቀየር በር ይከፈታል። ሁለተኛው ችግር የሚጠየቁት ሰዎች ናቸው። ተማሪው እሑድ ጠዋት ወደ ዕድሩ ስብሰባ ሄዶ ቢጠይቅ የሚያገኘው አባላትን ብቻ ነው፤ ያልገቡት እዚያ የሉም። ስለዚህ በተወሰነ መንገድ ላይ ያሉትን ቤቶች በተራ መጠየቅ፣ በር የዘጋውንም «አልተገኘም» ብሎ መመዝገብ ይሻላል።

ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ ተማሪው 40 ቤተሰቦችን ጠየቀ እንበል፤ 20ው ከ35 ዓመት በታች በሆኑ ሰዎች የሚመሩ፣ 20ው ደግሞ ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች የሚመሩ ናቸው። ከወጣቶቹ ውስጥ የዕድር አባላት 6፣ ከጎልማሶቹና ከአረጋውያኑ 16 ሆኑ። ወቀሳው የተረጋገጠ ይመስላል። ተማሪው ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ጠይቆ ነበር፦ ቤቱ የራስ ነው ወይስ የኪራይ? ከወጣቶቹ 15ቱ ተከራዮች ሲሆኑ ከእነርሱ አባል የሆኑት 2 ብቻ ናቸው፤ የራሳቸው ቤት ካላቸው 5 ወጣቶች ግን 4ቱ አባላት ናቸው። ከ35 ዓመት በላይ ከሆኑት ደግሞ 4 ተከራዮች አሉ፤ ከእነርሱም አባሉ 1 ብቻ ነው። ከቀሩት 16 ባለቤቶች 15ቱ ዕድር አላቸው። አሁን ታሪኩ ተለወጠ። ዕድሜ መስሎ የታየው ነገር በአብዛኛው የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ፤ ወጣቶች በብዛት ተከራዮች ናቸው፣ ተከራይ ደግሞ በየጊዜው ሰፈር ይለቃል፤ ብዙ ዕድሮችም ካፈሩት ድንኳን፣ ወንበርና ገንዘብ አንጻር ለአዲስ አባል ከፍ ያለ መመዝገቢያ ያስከፍላሉ። ለሚሄድበት ቀን እርግጠኛ ላልሆነ ሰው ይህን ክፍያ መክፈል ከባድ ነው።

ጥናቱ እዚህ ላይ አያበቃም። አምስት ሰዎች አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱ ተነሥቶ ስለ አንድ ከተማ ወጣት መናገር አይቻልም። ተከራይ ሆነው አባል የሆኑት 3 ሰዎችም ከሁሉ የበለጠ ሊያስተምሩ ይችላሉ፤ ምናልባት በሥራ ቦታ ዕድር ገብተው ይሆናል፣ ምናልባት ዘመድ አስገብቷቸው ይሆናል። እነርሱን ቁጭ ብሎ ማነጋገር ያስፈልጋል። መጠናዊና ዓይነታዊ የሚባሉት ሁለቱ የጥናት ዘዴዎች በአንድ ሥራ ላይ የሚገናኙትም እንዲህ ነው። ይህን ሁሉ ሠርቶ፣ በመጨረሻ የያዘው መልስ ከጠበቀው የተለየ መሆኑ ያስደሰተው ተማሪ ስለ ዝንባሌው ብዙ አውቋል። አሰልቺ ሆኖ ያገኘውም እንዲሁ፤ በሦስተኛ ዓመት ከሚያውቀው አሁን ማወቁ ይጠቅመዋል።

ሰዎችን በተመለከተ ጥንቃቄ ግዴታ ነው። ተማሪው ከትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ይዞ የዕድሩን ሰብሳቢ ማስፈቀድ አለበት። ተጠያቂዎች ጥናቱ ለምን እንደሆነ ሊነገራቸው፣ ካልፈለጉም ያለ ምንም ቅሬታ ሊተዉ ይገባል። ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር በማስታወሻ ላይ አይጻፍም፤ «ቤት 1፣ ቤት 2» ማለት በቂ ነው። ኀዘን ላይ ያለ ቤት አይጠየቅም። ግጭት ወይም መፈናቀል በነበረበት አካባቢ ሰዎችን ስለ ደረሰባቸው ጉዳት መጠየቅ የተማሪ ልምምድ አይደለም፤ ይህ የሠለጠነ ባለሙያና የተቋም ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። የሰማውን የጎረቤት ምሥጢር ለሌላ ጎረቤት የሚያወራ ተማሪ ደግሞ ጥናቱን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡንም ስም ይጎዳል።

በሰፈር የተገኘውን ከአገሪቱ ጋር ለማነጻጸር የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያሳትማቸው ሪፖርቶች ይረዳሉ። ሲነበቡ የአኃዙን ዘመን ማየት አይዘነጋም። ለምሳሌ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአገሪቱን ሕዝብ 73.7 ሚሊዮን ገደማ አድርጎ መዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህ ላሉት ዓመታት የሚጠቀሱት የሕዝብ ብዛት አኃዞች ግን በስሌት የተገኙ ትንበያዎች እንጂ ቆጠራዎች አይደሉም።

የወላጆች ጥያቄ፦ ተመርቆ ምን ይሠራል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚያባብል መልስም አያስፈልገውም። በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ «ሶሲዮሎጂስት» የሚል መደብ ብዙ አይገኝም። ሶሲዮሎጂ ብዙውን ጊዜ ከሶሻል ዎርክ፣ ከሳይኮሎጂና ከልማት ጥናት ጋር በአንድ መስመር ይጠቀሳል፤ ተመራቂው የሚወዳደረውም ከእነዚህ ሁሉ ጋር ነው። የሥራ መስኮቹ በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች፣ በሲቪል ማኅበረሰብና በዕርዳታ ድርጅቶች፣ በጥናትና ምርምር ተቋማት፣ በልማት ፕሮጀክቶች የማኅበራዊ ተጽዕኖ ግምገማ፣ በመረጃ አሰባሰብና በክትትልና ግምገማ ሥራዎች ይገኛሉ። በእነዚህ ሁሉ የሚፈለገው ጥሩ መጠይቅ ማዘጋጀት፣ መረጃን በኮምፒዩተር መተንተንና የሚነበብ ሪፖርት መጻፍ ነው። የዕድሩን መጠይቅ በ12ኛ ክፍል የጀመረ ተማሪ ይህን ችሎታ ከሌሎች ቀድሞ መለማመድ ይጀምራል፤ በዲግሪው ስም ብቻ የሚተማመን ተመራቂ ግን ሥራ ፍለጋው ሊረዝምበት ይችላል።

ወላጆች ከልጃቸው ጋር ሲመክሩ ከቅርብ ዓመታት የተመረቀ አንድ ሰው ፈልገው ቢያነጋግሩ፣ የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘው በየትኛው ችሎታው እንደሆነም ቢጠይቁ ከብዙ ግምት ይድናሉ። ተማሪው በተመደበበት ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍል መኖሩን፣ በዓመቱ ስንት ተማሪ እንደሚቀበልና የምርጫ ማስተካከያ እስከ መቼ እንደሚፈቀድ ደግሞ ምርጫውን ከማስገባቱ በፊት ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይኖርበታል።